ጋዜጣ የሚታጠፍበት ምሽት፦ በዌልስ ለቋንቋና ለባህል ለሚሠሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በቅርቡ አንዲት ወጣት የገንዘብ ድጋፍ መጠየቂያ ቅጽ ይዛ ምክር ልትጠይቀኝ መጣች። ወላጆቿ ከኢትዮጵያ የመጡ ናቸው፤ እርሷ ግን ካርዲፍ ተወልዳ ያደገች፣ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ደረጃ በዌልስኛ የተማረች፣ አሁን ደግሞ የዌልስን ቋንቋና ቅርስ ለማጠናከር ከተቋቋሙት የአካባቢ ማኅበራት በአንዱ የምትሠራ ናት። «ጋሼ፣ ሥራችንን በምን እንለካው? ቅጹ ‹ውጤቱ በምን ይረጋገጣል?› ይላል፤ የመጣውን ሰው ቁጥር ብቻ ብጽፍ እውነቱን የጻፍኩ አይመስለኝም» አለችኝ። ለቅጹ የሚሆን አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ነግሬ ሸኘኋት። ጥያቄዋ ግን እኔው ዘንድ ቀረ፤ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝና ለእርሷም፣ በተመሳሳይ ሥራ ላይ ላላችሁት ለሌሎቻችሁም ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

እኔ የማተሚያ ቤት ሰው ነኝ። ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ውስጥ በፊደል ለቃሚነት ነው፤ ከአገር ከወጣሁ በኋላ ዕጣዬ ወደ ምዕራብ ዌልስ መርታኝ፣ በቴይቪ ወንዝ ሸለቆ ባለች አንዲት አነስተኛ ማተሚያ ቤት ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠራሁ። ይህ ሸለቆ ለኅትመት ሥራ እንግዳ አይደለም። በ1718 አይዛክ ካርተር የተባለ ሰው በዌልስ ምድር የመጀመሪያውን ሕጋዊ ማተሚያ ያቆመው እዚሁ፣ ከኒውካስል ኤምሊን ከተማ ወንዝ ማዶ ባለችው አድፓር ነው። ከዚያ በፊት የዌልስኛ መጻሕፍት በሕጋዊ መንገድ የሚታተሙት ከዌልስ ውጪ ነበር፤ ኋላ ጳጳስ የሆነው ቄስ ዊልያም ሞርጋን በ1588 ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በዌልስኛ ሲያሳትም፣ የለንደን ፊደል ለቃሚዎች ቋንቋውን ስለማያውቁት ሥራውን እዚያው ተቀምጦ መከታተል ነበረበት። ይህን ስሰማ በ1513 ሮም ላይ የታተመው የግእዝ መዝሙረ ዳዊት ትዝ ይለኛል፤ የሁለቱም ሕዝቦች ቃል መጀመሪያ በማተሚያ የታየው በሰው አገር ነውና።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ አንዲት የመንደር ጋዜጣ ነው። በዌልስ «ፓፒር ብሮ» የሚባሉ፣ በአንድ ሸለቆ ወይም በጥቂት አጎራባች መንደሮች ውስጥ ብቻ የሚሰራጩ፣ በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጇቸው ወርኃዊ የዌልስኛ ጋዜጦች አሉ። የመጀመሪያው በ1973 ካርዲፍ ላይ የወጣ ሲሆን፣ በቀጣዮቹ ዓመታት በየአካባቢው እየተባዙ ሄደው ዛሬም ከሃምሳ በላይ የሚሆኑት በሕይወት አሉ። ማን እንደ ወለደ፣ ማን እንዳረፈ፣ የወጣት ገበሬዎች ክበብ በየትኛው ውድድር እንዳሸነፈ፣ የየትኛው መንደር ድልድይ እንደ ተሰነጠቀ ይጽፋሉ። ተራ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ትውልድ ቤቱ ውስጥ ዌልስኛ እየተናገረ ያደገ፣ ትምህርት ቤት ግን በእንግሊዝኛ ብቻ የተማረ ሰው ብዙ ነበር፤ እንዲህ ያለው ሰው በዌልስኛ የታተመ መጽሐፍ ሲያይ የሊቃውንት ነው ብሎ ይተወዋል፤ የጎረቤቱ ልጅ ፎቶግራፍ ያለበትን ጋዜጣ ግን መነጽሩን ፈልጎ ያነበዋል። በገዛ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው ማንበብን በዚህ መንገድ የለመዱ ሽማግሌዎችን በዓይኔ አይቻለሁ።

ከእነዚህ ጋዜጦች አንዱ የሚታተመው እኛ ዘንድ ነበር። ስሙንም መንደሩንም አልጠቅስም። በዚያን ጊዜ የምናስረክበው ያልታጠፈ ወረቀት ነው፤ በፊትና በጀርባው በጠቅላላው አራት ገጽ የታተመበት ሰፊ ሉክ። ክምሩን በመኪና ጭኜ ከመንደሩ ጸሎት ቤት ጀርባ ወዳለችው አዳራሽ አደርሳለሁ። «ቬስትሪ» ይሏታል፤ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ሰንበት ትምህርት የተማሩባት፣ ግድግዳዋ እርጥበት እርጥበት የሚሸት፣ ማሞቂያዋ ገና ሲለኮስ የሚንጫጫ ክፍል ነበረች። ሰዎቹ ረጃጅም ጠረጴዛዎችን ገጥመው ይጠብቁኛል። የጋዜጣው አዘጋጅ ጡረታ የወጡ ሴት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ ከእርሳቸው ቀጥሎ በሱፍ ፋብሪካ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ አዛውንት፣ ልብሳቸው የከብት መኖ የሚሸት ሁለት ወንድማማች ገበሬዎች፣ የየቤቱን ጉዳይ ከቄሱ አስቀድሞ የሚያውቀው የፖስታ አመላላሽ፣ ከእንግሊዝ አገር መጥተው በቅርቡ መንደሩ ውስጥ ቤት የገዙ ባልና ሚስት፣ እንዲሁም አያቷ እየጎተቱ የሚያመጧት አንዲት ተማሪ ይቀመጣሉ። አንዱ ያጥፋል፣ አንዱ ሉኩን በሉክ ውስጥ ይከታል፣ አንዱ በየመንደሩ ቆጥሮ ገበሬዎቹ ሣር በሚያስሩበት ሲባጎ ያስራል።

መጀመሪያ ላይ ወረቀቱን አውርጄ ልሄድ ስል ሻይ ሳይጠጣማ አይሄድም ብለው አስቀሩኝ። እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ስላሳፈረኝ ማጠፍ ጀመርኩ። የሙያዬ ነገር ነውና አስተጣጠፋቸው አላስደሰተኝም፤ በሚቀጥለው ወር እጥፋቱን ቀጥ አድርጋ የምትጫን የአጥንት ቁራጭ ከማተሚያ ቤቱ አመጣሁላቸው። አንደኛው ገበሬ ተቀብሎኝ አገላብጦ ካየ በኋላ የየትኛው ከብት አጥንት እንደ ሆነች ጠየቀኝ፤ አላውቅም ስለው ሙያተኛነቴን ተጠራጠረ መሰለኝ።

ዌልስኛ የተማርኩት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። የዌልስ ሰዎች ትሕትና ቋንቋቸውን የሚጎዳበት መንገድ አለ፤ ቋንቋውን የማያውቅ አንድ እንግዳ ከገባ አሥር ሰው ሆነው እንኳ ለእርሱ ሲሉ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ። እኔም ስገባ ጨዋታው ወዲያው በእንግሊዝኛ ይሆናል። ነገር ግን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እጃቸው በሥራው ሲጠመድ እኔን ይረሱኛል፤ አንደኛው ላም ሸጠ፣ ሌላኛዋ ልጇን ዳረች እያሉ ሳያስቡት ወደ ዌልስኛ ይመለሳሉ። እኔም አንገቴን ደፍቼ እያጠፍኩ እሰማለሁ። ፊት ለፊት ተቀምጦ ቋንቋ የሚለማመድ ሰው እያንዳንዱ ስሕተቱ ይታይበታል፤ እጁ ሥራ የያዘ ሰው ግን ዝም ቢልም ነውር የለበትም፣ አንድ ቃል ጣል ቢያደርግም ማንም ዞሮ አያየውም። እንግሊዛውያኑ ባልና ሚስትም እንደ እኔው ለመዱ፤ ባልየው እስከ መጨረሻው ቀልድ በገባው ቁጥር ከሌሎቹ ትንሽ ዘግይቶ ነበር የሚስቀው። ነገሩን ለአገራችን ሰው ማስረዳት አያዳግትም። ቡና ተፈልቶ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ የሚቀመጠው ለቡናው ብቻ ተብሎ አይደለም፤ ነገር ግን ቡናው ባይኖር ማንም አይቀመጥም።

ወሬው ራሱ የጋዜጣው ግብዓት ነበር። አዘጋጇ በጓዳ በኩል ማስታወሻ ደብተር ይዘው ይዞራሉ፤ የሚቀጥለው ወር ጋዜጣ ግማሹ የሚጻፈው የዚህ ወሩ ሲታጠፍ ነው። ስሕተትም የሚገኘው እዚያው ነው፣ ያውም ሁሉም ቅጂ ታትሞ ካለቀ በኋላ። አንድ ጊዜ ከሁለቱ ወንድማማቾች የታላቁ ፎቶግራፍ ሥር የታናሹ ስም ወጥቶ፣ ታናሹ «ቢያንስ ሽልማቱን በጋዜጣ አገኘሁ» ብሎ ሲስቅ፣ እኔ የማተሚያ ቤቱ ሰው ግን መግቢያ ጠፍቶኝ ነበር።

አዘጋጇን እፈራቸው ነበር ማለት ይቀለኛል። በዌልስኛ አንዳንድ አናባቢዎች ላይ የምትደፋ ትንሽ ቆብ አለች፤ እንግሊዝኛው አናባቢ ናቸው ብሎ በማይቆጥራቸው በደብልዩና በዋይ ፊደሎች ላይ ጭምር ትቀመጣለች። በመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች ውስጥ እነዚህ ሁለቱ ከነቆባቸው አልነበሩም፤ ገጹ ከወጣ በኋላ በቀጭን ብዕር አንድ በአንድ በእጅ እንስላቸው ነበር። አንዲት ቆብ ከቀረች አዘጋጇ ከሩቅ ያዩዋታል። ሥራ ባልደረቦቼ በዚህ ሲማረሩ እኔ ውስጥ ውስጡን እስቅ ነበር፤ ከሁለት መቶ የሚበልጥ ፊደል ከሣጥን እየለቀመ ላደገ ሰው ሁለት ቆብ ምኑ ያስመርራል? የእኛም ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ፣ በዩኒኮድ፣ የገባው በ1999 ነውና ችግሩን አውቀዋለሁ። ወደ ነገሬ ልመለስ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ማተሚያ ቤታችን ማጠፊያ ማሽን ገዛ። ለደንበኞቻችን ሁሉ በጥቂት ጭማሪ ዋጋ ጋዜጣቸውን አጥፈን፣ አሰባስበን፣ አስረን እንደምናስረክብ አስታወቅን። የመንደሩ ኮሚቴ ተሰብስቦ ተወያየ፤ የዋጋውን ልዩነት የሚሸፍን ድጋፍ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጠየቁ። ቅጹ ላይ ሥራው ስንት የበጎ ፈቃደኛ ሰዓት እንደሚያተርፍ ጻፉ። ተፈቀደላቸው። በውሳኔው ያዘነ ሰው አልነበረም፤ የሱፍ ፋብሪካው አዛውንት ጣቶች በቁርጥማት አብጠው ነበር፣ ገበሬዎቹም በበግ መውለጃ ወራት ማምሸት ይከብዳቸው ነበር። ዛሬ ቢጠይቁኝም የእኚያን ሰው ጣቶች እያየሁ «ተዉት፣ በእጅ እጠፉ» ለማለት አፌ የሚደፍር አይመስለኝም። በመጀመሪያው ወር ተጣጥፎና ታስሮ ያለቀውን ጋዜጣ አዳራሹ ደጃፍ አወረድኩ፤ ፖስታ አመላላሹ የየመንደሩን እሽግ በቅጽበት በመኪናው ጭኖ ሄደ። ሻይ አልተፈላም። የሚፈላበት ምክንያት አልነበረማ።

አዘጋጇ ነገሩ ቶሎ ገብቷቸው ምሽቱ እንዳይቀር ጣሩ። «እንገናኝ፣ እንጫወት» ብለው ቀን ቆረጡ። ጥቂት ጊዜ ሴቶቹ መጡ፤ ወንዶቹ ግን እጃቸው ባዶ ሆኖ ለወሬ ብቻ ተጠርቶ መቀመጥ አላማራቸውም፣ አንዱ ላም ታማብኛለች፣ ሌላው ዝናብ ነው እያሉ ቀሩ። ቆይቶ ከአካባቢው መሥሪያ ቤት የመጡ ቅን ሰዎች ምሽቱን «የዌልስኛ ውይይት ምሽት» ብለው ሰይመው ያማረ ማስታወቂያ አሳተሙ፤ ያተምነው እኛ ነን። ቋንቋውን ለመማር የፈለጉት መጡ፤ ቋንቋው የራሳቸው የሆነው ግን አልመጡም፤ ገበሬ ከመቼ ወዲህ ነው የገዛ ቋንቋውን ሊነጋገር ቀጠሮ የሚይዘው? ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተፋጥጠው ስለ አየሩ ሁኔታ ተነጋግረው ተለያዩ። በመዝገብ ላይ ግን የተሳታፊው ቁጥር ከማጠፊያው ምሽት ይበልጥ ነበር፤ ሪፖርቱም መሻሻል ታይቷል ይል ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ቀስ እያለ የመጣ ስለ ሆነ ማንም ከማሽኑ ጋር አላያያዘውም። ጋዜጣውን ቤት ለቤት ያድሉ የነበሩት የሚያጥፉት ሰዎች ነበሩ፤ መታጠፉ ሲቀር ማደሉም ሰው አጣ፣ እሽጉ ሱቅ ውስጥ እየተቀመጠ ሰው ራሱ እንዲያነሣ ሆነ። ወሬው ከጠረጴዛው ላይ ስለማይለቀም ገጾቹ ከትምህርት ቤትና ከመሥሪያ ቤት በተላከ መግለጫ መሞላት ጀመሩ። አያቷ ይጎትቷት የነበረችው ተማሪ እንግሊዝ አገር ሄዳ ቀረች። ጋዜጣው ግን አልሞተም፤ ይህን ለእውነት ስል መናገር አለብኝ፤ እንዲያውም በሌሎች መንደሮች አጣፊዎቹ አርጅተው ሲያልቁ ማሽኑ ያዳናቸው ጋዜጦች ጥቂት አይደሉም። አዘጋጇ ባረፉ ጊዜ ቀብራቸው ላይ ሁላችንም ተገናኘን፤ ታናሽዬው ገበሬ እጄን ጨብጦ ከዚያ ወዲህ ከፖስታ አመላላሹ ጋር ቁጭ ብሎ አውርቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ሁለቱ የሚኖሩት በአንድ መንደር ውስጥ ነው።

የሚቆጨኝ ይህ ነው። ማንም አላጠፋም፤ ሁሉም ለደግ ያደረገው ነው። ይሁን እንጂ ያ ቅጽ የጠየቀው የሚተርፈውን ሰዓት ሲሆን፣ ከእነዚያ ሰዓታት ውስጥ የሚያስፈልገው ለጋዜጣው ስንት እንደ ሆነ፣ ለመንደሩ ስንት እንደ ሆነ የሚጠይቅ መስመር አልነበረውም።

ስለዚህ እንዲህ እላችኋለሁ፦ የመጣውን ሰው ቁጥር ጻፉ፣ ቅጹ ይፈልገዋልና። ለራሳችሁ ግን ሌላ መዝገብ ያዙ። ሳይጠራ ተመልሶ የመጣው ማን ነው? በዚህ ሳምንት ቢቀር የቀረበትን ምክንያት ሌሎቹ የሚጠያየቁለት ማን ነው? ሰዎቹ ባይሰበሰቡ ሳይሠራ የሚቀር ምን ሥራ አለ? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ከሌላችሁ ፕሮጀክቱ ቋንቋውን ለማክበር የቆመ ነው፤ የሚከበር ቋንቋ ደግሞ በዓሉ ሲያልፍ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። በዚህ ነገር ላይ ብዙዎች አይስማሙኝም።

እኔ ከማደንቃቸው ሥራዎች አንዱ በሰሜን ምዕራብ፣ በሊን ልሳነ ምድር አጠገብ ባለችው ላናይልሃያርን የተሠራው ነው። ካርል ክላውስ የተባለ ሐኪም ወደዚያ ሄዶ ሲኖር፣ አካባቢው የሚኖርበት የድንጋይ ካባ ሥራ ተዳክሞ ወጣቱ ይሰደድ ነበር። መንደርተኛው መጀመሪያ የተነሣው የመንደሩ ትምህርት ቤት እንዳይዘጋ ነው፤ ያንን ካሸነፉ በኋላ በ1974 የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው የሹራብና የሸክላ ሥራ ጀመሩ። የተጀመረው በሥራ ነው፤ ዌልስኛው ከሠራተኞቹ ጋር ገባ። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ካባው ተዘግቶ ሰው ለቅቆት የፈራረሰውን ናንት ጉርቴይርን የተባለ የባሕር ዳር መንደር ደግሞ በእርሱው መሪነት የተቋቋመ ማኅበር በ1978 ገዝቶ፣ ቤቶቹን ጠግኖ የዌልስኛ ማስተማሪያ ማዕከል አደረገው፤ ከ1982 ጀምሮ ሰዎች እዚያ እያደሩ ይማራሉ። በነገራችን ላይ ይኸው ሰው በ1985 ዌልስንና ሌሶቶን የሚያስተሳስር ማኅበር የመሠረተ ነው፤ ትንሽ ቋንቋ ያለው ሕዝብ ዓለምን አያይም የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ይህን እነግራቸዋለሁ። በዚያው አካባቢ የሊስቫይን መንደር ሰዎች መጠጥ ቤታቸው ሊጠፋ ሲል በ1988 ራሳቸው ገዝተው እስከ ዛሬ ያስተዳድሩታል። መጠጥ ቤት የቋንቋ ፕሮጀክት ነው ብሎ ቅጽ ሞልቶ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ነገር ግን ነው።

እስካሁን የጻፍኩትን ያነበበ ሰው የመንግሥትን ገንዘብና ሕግ የማልወድ አድርጎ ሊወስደኝ ይችላል። እዚህ ላይ ከራሴ ጋር እጣላለሁ። በ1962 ጸሐፌ ተውኔቱ ሶንደርስ ልዊስ በሬዲዮ ባደረገው ንግግር፣ ነገሩ እንደ ነበረው ከቀጠለ ዌልስኛ በ21ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሕያው ቋንቋ መሆኑ እንደሚያበቃ ሲያስጠነቅቅ፣ የሰሙት ወጣቶች በዚያው ዓመት የቋንቋ ማኅበር መሥርተው የመንገድ ምልክት እየነቀሉ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ የፍርድ ቤት መጥሪያ አንቀበልም እያሉ እስር ቤት ገቡ። በ1980 የዌልስ ብሔርተኛ ፖለቲከኛው ግዊንቮር ኤቫንስ ቃል የተገባው የዌልስኛ ቴሌቪዥን ካልተሰጠ እስከ ሞት እጾማለሁ ባለ ጊዜ መንግሥት ሐሳቡን ቀየረ፤ የዌልስኛው ጣቢያ ኤስ ፎር ሲ በኖቬምበር 1982 ሥርጭቱን ጀመረ። የ1993ቱ የቋንቋ ሕግና ዌልስኛን በዌልስ ይፋዊ ያደረገው የ2011 ድንጋጌ ባይኖሩ፣ በ1971 የተመሠረተው የዌልስኛ መዋዕለ ሕፃናት ንቅናቄ ያፈራቸው ልጆች ካደጉ በኋላ ቋንቋቸውን ይዘው የሚገቡበት መሥሪያ ቤት አያገኙም ነበር። በጠረጴዛ ዙሪያ ወረቀት እያጠፈ ሕግ ያስለወጠ ሕዝብ የለም። ታዲያ የቱ ይበልጣል ብትሉኝ፣ ጠዋት ስነሣ አንዱን፣ ማታ ሌላውን እላችኋለሁ።

ቁጥሩን ስናየው ሕግም ብቻውን አልበቃም። የ2011 የሕዝብ ቆጠራ ዕድሜው ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው የዌልስ ነዋሪ 19 በመቶው ዌልስኛ እንደሚናገር ገልጾ ነበር፤ በ2021 ይህ ወደ 17.8 በመቶ፣ ማለትም ወደ 538,000 ሰው ገደማ ወረደ። ከሁሉም ይበልጥ የወረደው በእኛው በካርማርዘንሺር ነው፤ ከ43.9 ወደ 39.9 በመቶ። መንግሥት በ2050 አንድ ሚሊዮን ተናጋሪ ይኖራል ብሎ ያቀደው በ2017 ነው። ትምህርት ቤቶቹ ልጆቹን ያስተምራሉ፤ ልጆቹ ግን ደወሉ ሲደወል የሚሄዱበት፣ ዌልስኛ የሚሰማበት ጠረጴዛ ያስፈልጋቸዋል። በ1991 በግዌንድራይስ ሸለቆ፣ በቀድሞው የከሰል ማዕድን አገር፣ የመጀመሪያው የአካባቢ የቋንቋ ማኅበር «ሜንተር» ተብሎ የተቋቋመው ይህ ክፍተት ስለ ታየ ነው። ዛሬ ከሃያ በላይ የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ማኅበራት አሉ፤ ብዙዎቻችሁ የምትሠሩት በእነርሱ ውስጥ ነው።

ስለ እናንተ ትውልድ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከእኛ ይልቅ ደፋሮች ናችሁ፤ ያቺ ወጣት የምትናገረው ዌልስኛ እኔ ብዙ ዘመን ኖሬበት ከምናገረው የጠራ ነው፤ በአንድ አፍ ሦስት ቋንቋ ስታቀላጥፍ መስማት ያስደስታል። ነገር ግን ገና ሥራው ሳይጀመር አርማ ታሠራላችሁ። ማተሚያ ቤታችን በአርማ ጥሩ ገንዘብ ስላገኘ ማማረር አይገባኝም፤ ሆኖም ያተምናቸው አርማዎች ካረፉባቸው ፕሮጀክቶች ስንቱ ከምርቃቱ ቀን እንዳለፈ አላስታውስም። ደግሞም ሁሉን ነገር ስልክ ላይ ታደርጋላችሁ። ስልኩን አልጠላም፤ ቁርጥማት ያለበት ሰው ከቤቱ ሆኖ ጋዜጣውን ማንበቡ መልካም ነው። ነገር ግን በስልክ ላይ ሰው የሚገባው ሲፈልግ ብቻ ነው፤ ቬስትሪዋ ውስጥ ግን ወረቀቱ መታጠፍ ስላለበት ያልፈለገውም ይመጣ ነበር፣ እርሱም ነበር ብዙ ጊዜ የሚያጫውተን።

ከወጣት ድርጅቶች መካከል ኢርድ የሚባለውን አስተውሉ። ኢቫን አብ ኦወን ኤድዋርድስ በ1922 የመሠረተው ነው፤ ልጆችን በስፖርት፣ በመዝሙርና ከ1932 ጀምሮ በላንግራኖግ የባሕር ዳርቻ በከፈተው ካምፕ ያሰባስባል። በ2021 ከአፍጋኒስታን የሸሹ ቤተሰቦች ወደ ዌልስ ሲመጡ በካርዲፍ ማዕከሉ ተቀበላቸው፤ ልጆቹም ከኳሱና ከመዝሙሩ ጋር ዌልስኛውን አብረው ይለማመዱ ጀመር። ስለ ቋንቋው ክብር ንግግር የሰማ ልጅ ያለ አይመስለኝም፤ ኳሷን ለማግኘት «ወዲህ!» ማለት ነበረበት፣ አለ።

ይህ ለእኛም የሚሆን ነገር አለው። በዚህ አገር ያለን ኢትዮጵያውያን ለልጆቻችን አማርኛ ስናስተምር ቅዳሜ በረድፍ አስቀምጠን ሀ ሁ እናስቆጥራቸዋለን፤ ግድግዳው ማዶ ግን እናቶች ለበዓሉ ወጥ እየሠሩ፣ ከዚያ ክፍል ይልቅ እጅግ የበለጸገ አማርኛ እየተናገሩ ልጆቹ እንዳያውኳቸው በሩን ዘግተውባቸዋል። ሽንኩርት ይላጡ ብዬ ብዙ ጊዜ ሐሳብ አቅርቤ፣ ዐይናቸው ይቃጠላል ተብዬ ተሸንፌአለሁ።

ቋንቋውን አጥኑ፣ ሰዓት አክብሩ፣ ሒሳብ በንጽሕና ያዙ የሚሉትን ምክሮች ትቼአቸዋለሁ፤ ታውቋቸዋላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በአሁኑ ጊዜ ጸሎት ቤቶች በየመንደሩ እየተዘጉ እየተሸጡ ነው፤ ቬስትሪዎቹም አብረው ይሸጣሉ፣ ብዙውን ጊዜም የዕረፍት ጊዜ ማሳለፊያ ቤት ይሆናሉ። መንደርተኛው ከቀደመ ግን ሊያተርፋቸው ይችላል፤ የላንዱሮግ ሰዎች በ2021 የአክሲዮን ገንዘብ አዋጥተው መጠጥ ቤታቸውን የገዙት በጥቂት ወራት ጥረት ነው። ስለዚህ በምትሠሩበት መንደር የፕሮጀክቱን ስም ከመምረጣችሁ በፊት የአዳራሹ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ፣ የሕንፃው ባለቤትነት በማን ስም እንደ ተመዘገበ፣ ለሽያጭ ታስቦ እንደ ሆነና ማሞቂያው በክረምት እንደሚሠራ ጠይቁ። ቁልፉ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት ዘንድ ነው፤ ስልክ አትደውሉላቸው፣ ሄዳችሁ በር አንኳኩ፣ ሻይም ካፈሉ ጠጡ።

አክባሪያችሁ፣
በቴይቪ ሸለቆ የሚኖር ጡረተኛ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ